መርከቡ ከየት ይነሣል?

የባሕር በር ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ቀድሞ ይመጣል፦ መርከብ ይገዛ። የሚታሰበው ተራ የጭነት መርከብ አይደለም። ሻለቃ ጦር ከነታንኩና ከነሄሊኮፕተሩ ጭኖ፣ ወደብ ሳይጠይቅ አሸዋ ላይ የሚያራግፈው፣ አምፊቢየስ የሚባለው ግዙፍ የጦር ማጓጓዣ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ ቡና የሚጠጣው፣ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተራ የሚጠብቀው፣ በቀላል ባቡር ተጨናንቆ ሥራ የሚገባው ሰው የዚህን መርከብ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ከፍቶ «ይኼ ሁለት ቢኖረን ኖሮ» ሲል እሰማለሁ። የሰፈር ወሬ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። አሁን ግን የተማረውም፣ መለዮ ለብሶ የኖረውም፣ ማይክሮፎን የጨበጠውም ይህንኑ ይደግማል። ስለዚህ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሐሳቡ ስሕተት ነው። መርከብ ባሕር አያመጣም። ከወደብ ቀድሞ የተገዛ መርከብ ደግሞ አንድ ጊዜ የደረሰብንን ውርደት በውድ ዋጋ ደግሞ መሸመት ነው።

የእነሱን ወገን አሳንሼ አላቀርብም፤ ክርክራቸው ጉልበት አለው። በዓለም ላይ ባሕር ከሌላቸው አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት አንደኛዋ ኢትዮጵያ ናት። ገቢና ወጪ ንግዷ ከሞላ ጎደል በአንድ በር፣ በጅቡቲ፣ ያልፋል። በዚያች ትንሽ አገር አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና ጦር አስፍረዋል፤ ከሁሉም ይልቅ የምትቀርበው ኢትዮጵያ ግን ከዳር ቆማ ታያለች። ግብፅ እ.አ.አ. በ2016 ሚስትራል የተባሉ ሁለት መርከቦች ከፈረንሳይ ተረክባለች፤ እያንዳንዳቸው 199 ሜትር ይረዝማሉ፣ 16 ሄሊኮፕተርና 450 ተዋጊ ይይዛሉ፣ 69 አልጋ ያለው ሆስፒታል በውስጣቸው አለ። አልጄሪያ ጣሊያን አገር አስገንብታለች። ናይጄሪያ ካዳ የተባለውን መርከቧን እ.አ.አ. በ2022 ተቀብላለች። እኛ ከማን እናንሳለን? ይላሉ።

ዋጋውም ቢሆን አይቀመስም ማለት አይቻልም ብለው ይከራከራሉ። እውነታቸውን ነው። አሜሪካ ለአንዱ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ብታወጣም ፊሊፒንስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሠራቻቸው ሁለት አዳዲስ መርከቦች ተደምረው መቶ ሚሊዮን ዶላር አልሞሉም። ሕንድ ደግሞ ትሬንተን የተባለውን አሮጌ የአሜሪካ መርከብ እ.አ.አ. በ2007 ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ወስዳ ጃላሽዋ ብላዋለች።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክራቸው ግን ይህ ነው። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የመን በጦርነት ስትናጥ ሊንዪ የተባለ የቻይና ፍሪጌት ኤደን ወደብ ገብቶ የአሥር አገሮችን 225 ዜጎች አሳፍሮ ጅቡቲ አደረሰ። ከእነዚያ ውስጥ 29ኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዜጋህን ከእሳት ውስጥ የሌላ አገር መርከብ ሲያወጣልህ ማየት ያማል። ይህ ሕመም የእኔም ሕመም ነው፤ ስለዚህ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አምፊቢየስ መርከቡ ራሱ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። የአሜሪካኖቹን የሳን አንቶኒዮን ዓይነት ብንወስድ 208 ሜትር ይረዝማል፤ ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ ወደ 25 ሺህ ቶን ይመዝናል፤ ከራሱ ባሕረኞች ሌላ 700 ያህል ተዋጊ ያሳድራል። ልዩ የሚያደርገው ሆዱ ነው። ከኋላ በኩል ሰፊ አዳራሽ አለው፤ ታንክና ካሚዮን የሚያሻግሩ ጀልባዎች እዚያ ተደርድረው ይቆማሉ። ወደ ዳርቻው ሲቃረብ ባሕረኞቹ የታችኛዎቹን ጋኖች ሆን ብለው በባሕር ውኃ ይሞላሉ። መርከቡ በስተኋላው ዝቅ ይላል፣ የኋላ መዝጊያው ይከፈታል፣ ባሕሩ አዳራሹ ውስጥ ይገባል። ደረቅ ወለል ላይ የነበሩት ጀልባዎች ይንሳፈፉና ታንካቸውን እንደተሸከሙ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ። ከላይ ሄሊኮፕተሮች ይነሣሉ። ሥራው ሲያልቅ ውኃው በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፣ መርከቡም ቀና ይላል። ክሬን ቢሰበር፣ የወደቡ መንገድ ቢቆረጥ፣ ጭነቱን ያደርሳል። ስልክ ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ይህን ያሳያል፤ ያየ ሰው ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ቪዲዮው የማያሳየው መጀመሪያውን ነው። ያ ታንክ መርከቡ ሆድ ውስጥ እንዴት ገባ? ነዳጁ የት ተሞላ? ሰባት መቶው ተዋጊ ስንቁን፣ ውኃውን፣ ጥይቱን የት ተረከበ? የአሜሪካኖቹ መርከቦች ከኖርፎክና ከሳን ዲዬጎ ይነሣሉ። የፈረንሳዮቹ ሚስትራሎች ቤታቸው ቱሎን ነው። እነዚህ ለመቶዎች ዓመታት የተገነቡ ወይም በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰባቸው ጥልቅ ወደቦች ናቸው፤ መጋዘን አላቸው፣ ነዳጅ ማከማቻ አላቸው፣ መርከቡን ከውኃ አውጥቶ ሆዱን የሚፍቅ ድራይ ዶክ አላቸው። አምፊቢየስ መርከብ ያለ ወደብ የሚያራግፈው በወደብ ስለተጫነ ነው። ጉዞው የሚያልቀው አሸዋ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚጀምረው ግን ሁልጊዜ ከወደብ ነው። የእኛ ታንክ ከየት ተነሥቶ የት ሄዶ ሊጫን ነው? ጅቡቲ? ጅቡቲ ኮንቴይነራችንን ታስተናግዳለች፤ ለጎረቤት የሚያሰጋ የጦር ጭነት ከግቢዋ እንዲነሣ የምትፈቅድበት ምን ምክንያት አላት? «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚባለው ሁለቱም ሲኖሩ ነው። እኛ ሜዳው ሳይኖረን ስለ ፈረሱ ቁመት እንከራከራለን።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.አ.አ. በ2015 የመን ጦርነት ውስጥ ሲገቡ ገንዘብም መርከብም ነበራቸው። ያም ሆኖ ማዶ ያለውን ዳርቻ ለመድረስ መጀመሪያ ያደረጉት ወዲህ ያለውን ዳርቻ መያዝ ነው። አሰብ መጡ፤ ተከራዩ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን አደሱ፣ አዲስ ማቆሚያ ገነቡ። ታንካቸውና ወታደራቸው ከአሰብ እየተነሣ ኤደን ገባ። እኛ በየቡናው የምንመኘውን ሥራ ዓይናችን ሥር፣ ትናንት የእኛ በነበረ ወደብ ላይ፣ ሠርተው አሳይተውናል። ያሳዩን ቅደም ተከተል ደግሞ ግልጽ ነው። ወደቡ ቀደመ፤ መርከቡ ተከተለ።

እዚያው ታሪክ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከአሰብና ከኤደን መካከል ይመላለስ የነበረው ስዊፍት የተባለ ፈጣን ማጓጓዣቸው እ.አ.አ. በጥቅምት 2016 መጀመሪያ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ከዳርቻ በተተኮሰ ሚሳይል ፊቱ ተቃጥሎ ቀረ። የተኮሱት ሁቲዎች ናቸው፤ ባሕር ኃይል የሚባል ነገር ይህ ነው የሚባል የሌላቸው። ግዙፍ ማጓጓዣ ግዙፍ ዒላማ ነው። በፎክላንድ ጦርነት እ.አ.አ. በ1982 ሰር ጋላሃድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ጦሩን ሳያራግፍ በአውሮፕላን ተመትቶ 48 ሰው አልቆበታል። ሩሲያ ሳራቶቭ የተባለውን አራጋፊ መርከቧን እ.አ.አ. በመጋቢት 2022 ያጣችው ባሕር ላይ እንኳ አይደለም፤ በርዲያንስክ ወደብ ታስሮ እንደቆመ ነው። ቄሳር ኩኒኮቭን ደግሞ እ.አ.አ. በየካቲት 2024 ያሰጠሙት ሰው አልባ ጀልባዎች ናቸው፤ የሰመጠው ደግሞ የራሷ የጦር መርከብ እንኳ ብዙም በሌላት በዩክሬን እጅ ነው። እነዚህን መርከቦች በሰላም የሚያስኬዳቸው ከላይ የሚጠብቃቸው አውሮፕላን፣ ከጎን የሚያጅባቸው ፍሪጌት፣ ከፊት የሚጠርግላቸው ፈንጂ አምካኝ ነው። አንድ መርከብ እንግዛ የሚል ሰው ሳያውቀው አሥር መርከብ እንግዛ እያለ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው እኛ መርከብ ኖሮን የማናውቅ ይመስል ነው። ነበረን። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ በ1940ዎቹ ማብቂያ የተቋቋመው ባሕር ኃይል በኖርዌይ መኮንኖች አማካሪነት ተገንብቷል። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መሪ መርከብ ከአሜሪካ በ1954 ዓ.ም. ስትመጣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት። ምጽዋ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የባሕር ኃይል በዓል የታላላቅ አገሮች የጦር መርከቦች መልህቃቸውን ይጥሉ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ አምፊቢየሱም መጣ። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራለት ታንክ አራጋፊ መርከብ ያኔ ነበረን። ፖላንድ አገር፣ ግዳንስክ ላይ የተሠሩ፣ ፊታቸው ተከፍቶ አምስት ስድስት ታንክ ዳርቻ ላይ የሚያወርዱ ሁለት መርከቦች ከሶቪየት ኅብረት አግኝተናል። የፈረንሳይ ሥራ የሆኑ አነስተኛ አራጋፊዎችም ነበሩን። ፍሪጌት ነበረን፣ ሚሳይል ተኳሽ ጀልባ ነበረን፣ በአገሩ ባሕር የሠለጠነ ባሕረኛ ነበረን።

ታዲያ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምን ሆነ? ሻዕቢያ በፈንቅል ዘመቻ ምጽዋን ሲያጠቃ ባሕሩ ከጀርባችን ነበር፤ መርከቦቹም የእኛ ነበሩ። ወደቡን ያጣነው በየብስ ነው። ጦሩ በመንገዱ በኩል ተቆርጦ ወደ ደሴቶቹ ተገፋ፤ የሻዕቢያ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ትልልቆቹን መርከቦች እየተጠጉ መቱ። ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ጥዋለት ደሴት ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ከምጽዋ መውደቅ በኋላ አሥመራ ላይ የቀረው፣ ከመቶ ሺህ በላይ የሚገመት ሠራዊት አንድ ዓመት ከሦስት ወር በአውሮፕላን ብቻ እየተቀለበ ቆየ። አራጋፊ መርከብ ያለው አገር ይህን ያህል ሰው በባሕር መመገብ አልቻለም። ለምን? የሚጭንበት አሰብ ቢኖረውም የሚያራግፍበትና ከዚያ ወደ አሥመራ የሚያሻግርበት መንገድ በእጁ አልነበረም። መርከቡ ከባሕር እስከ አሸዋ ያደርሳል። ከአሸዋው በኋላ ያለውን መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ዳገት ማን ያሻግራል?

የተከተለው ደግሞ ይብሳል፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ባሕረኞቻቸውንና ስደተኞችን ይዘው ወደ የመን ተሻገሩ። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆሙ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰላምታ የተቀበሉባት መርከብ፣ የመን ውስጥ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠች። የመን ከዚህ በላይ አላቆይም ስትል መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ መርከቦቹን ያዘቻቸው። ምክንያቱ የወደብ ክፍያ ውዝፍ ነው። ለጨረታ ቀረቡ። አራቱን የገዛችው ኤርትራ ናት፤ የቀሩት ለብረታ ብረት ሄዱ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያከተመው በሚሳይል አይደለም፤ በማቆሚያ ኪራይ ዕዳ ነው። የአድሚራሎች፣ የመሐንዲሶች፣ ሕይወታቸውን ባሕር ላይ የከፈሉ ባሕረኞች የአርባ ዓመት ሥራ በሐራጅ ተሸጠ። መርከብ ውኃ ላይ የቆመ ንብረት ነው፤ ባይንቀሳቀስም በየቀኑ ይከፈልበታል። ጨዋማው ውኃ ብረቱን ይበላል፤ ከሆዱ ላይ ዛጎል ይጣበቅበታል፤ ሞተሩ ካልተነሣ ይደርቃል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ በእርጥበት ይበሰብሳል። ማቆሚያው የራስህ ካልሆነ በዚያ ሁሉ ላይ ኪራይ ይጨመራል። ወደብ የሌለው አገር መርከብ ሲገዛ የሚገዛው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር በፈለገ ቀን የሚይዝበትን መያዣም ጭምር ነው።

እዚያው ጅቡቲ ወደብ ውስጥ ግን ያልተሸጠ ሌላ የኢትዮጵያ መርከብ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ምጽዋንም አሰብንም አጥቶ ዛሬም ባንዲራችንን ይዞ ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ቻይና ውስጥ ያሠራቸውን ዘጠኝ መርከቦች ተረክቧል፤ የጋምቤላን፣ የመቀሌን፣ የጅግጅጋን ስም በጎናቸው ጽፈው የተጓዙ ናቸው። ለምን የጦሩ መርከብ ተሸጦ የንግዱ ቀረ? ያው ወደብ ነው፣ ያው አስተናጋጅ ነው፣ ያው ዓመት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የንግድ መርከቡ ሠርቶ ይከፍላል፤ ጅቡቲ ገብቶ መውጣቱ ደግሞ በስምምነት የታሰረ፣ ለአስተናጋጁም ገቢ የሆነ ነገር ነው። ማንም ከፍርሃት የተነሣ በር አይዘጋበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባሕር ላይ የቆየችው ኢትዮጵያ ይህች ናት። ግዙፍ ጦር ጫኝ የሚመኝ ሰው አንድም ጊዜ ስሟን ሲያነሣ አልሰማሁም።

የልደታ ሰው ደግሞ ይህን ነገር ከማንም ቀድሞ መረዳት ነበረበት። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አዲስ አበባ የነበራት ማረፊያ የልደታው ሜዳ ነበር። ለዳኮታ አውሮፕላኖቹ በቃ። ጄት ሲታሰብ ግን ሜዳው አጠረ። ያኔ የነበሩት ሰዎች ምን አደረጉ? ጄቱን ገዝተው ልደታ ላይ ለማሳረፍ አልሞከሩም። ቦሌን ሠሩ፤ ማኮብኮቢያው ለጄት እንዲበቃ ሆኖ ተነጠፈ። ቦይንግ 720ዎቹ በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ የሚያርፉበት ነበራቸው። አብራሪዎቹና መካኒኮቹም አስቀድመው ይሠለጥኑ ነበር። ዛሬ በአፍሪካ ግንባር ቀደም የሆነ አየር መንገድ ያለን ያንን ቅደም ተከተል ስላልገለበጡት ነው። ይህን ያደረጉት የራሳችን ሰዎች ናቸው፤ የተነሡትም ከዚሁ ሰፈር ነው። ለአየር ያወቅነውን ለባሕር ለምን እንረሳለን?

«አሮጌ መርከብ በርካሽ ይገኛል» ለሚለው ብዙ መልስ አያስፈልግም። ሕንድ ትሬንተንን ስትገዛ መርከቡ አገልግሎት ከጀመረ 36 ዓመት ሆኖት ነበር። የሕንድ ባሕር ኃይል ብዙ የመርከብ ግንባታ ቦታዎች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባሕረኞችና የራሱ ድራይ ዶኮች አሉት። ያም ሆኖ በተረከበው በዓመቱ ውስጥ በመርከቡ ላይ በተነሣ መርዛማ ጋዝ ባሕረኞችን ቀብሯል። ያን ያህል ልምድ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን እንደገና ላቋቁም ብሎ የተነሣ፣ ከፈረንሳይ ጋር በ2011 ዓ.ም. ስምምነት ፈርሞ ገና ሰው በማሠልጠን ላይ ያለ አገር አሮጌ ግዙፍ መርከብ ምን ሊያደርግበት ነው? የአንድ ዋና መሐንዲስ መኮንን ብስለት በአንድ ጀንበር አይመጣም፤ ከአካዳሚ እስከ ሞተር ክፍል ኃላፊነት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ደግነቱ ይህ ሥራ ተጀምሯል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ያወጣቸው ልጆቻችን ዛሬ በዓለም ንግድ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ ነው። የነገው ባሕር ኃይል ያለው እዚያ ነው። ስለ እነሱ ግን ቪዲዮ የሚያጋራ የለም።

«ቦሊቪያስ?» የሚል አይጠፋም። ቦሊቪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ባሕሯን በጦርነት አጥታ ዛሬም ባሕር ኃይል አላት፤ በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ ይሠራል፣ ተስፋውንም ያሳድራል። በየዓመቱ እ.አ.አ. መጋቢት 23 ቀን የባሕር ቀንን ታከብራለች። ያንን አከብራለሁ። ግን ቦሊቪያ ጦር ጫኝ ግዙፍ መርከብ አልገዛችም። ሰው ያዘች፣ ሙያ ያዘች፣ ጥያቄዋን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ወሰደች። የምሳሌነቷ ፍሬ ይህ ነው።

አሁን ወደ 29ኙ። ወገኖቻችንን ከየመን ያወጣው መርከብ አምፊቢየስ አልነበረም፤ ኤደን ወደብ ገብቶ ሰዎቹን በመሰላል አሳፍሮ የወጣ ፍሪጌት ነው። ሊያወጣቸው የቻለውስ ለምንድን ነው? ቻይና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል ከእ.አ.አ. 2008 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦቿን እየቀያየረች ታቆይ ስለነበር፣ ጅቡቲም ስለተቀበለቻት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል መርከቡ አይደርስም ነበር። እኛ ዜጎቻችንን ለማዳን ነገ ጠዋት ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ከንግድ መርከቦቻችን አንዱ በአስቸኳይ ጊዜ ሰው እንዲጭን የሚያስችል ዕቅድ፣ ሕይወት አዳኝ ጀልባ፣ ሐኪም፣ ከጅቡቲ ጋር የተጻፈ ስምምነት፣ ሰንዓም ሆነ ፖርት ሱዳን ያሉ ወገኖቻችንን ስምና ስልክ መዝግቦ የሚይዝ ኤምባሲ። ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆቻችን በየጊዜው ባሕር ይበላቸዋል። ለእነሱ የሚያስፈልገው ታንክ የሚያወርድ ሆድ ያለው መርከብ ነው? ለዜጋ የተቆረቆረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ትንሽ፣ በአግባቡ የምትጠገን፣ የምታድን መርከብ ብትገዛ እኔም አጨበጭባለሁ።

የዚህ ሁሉ ምኞት ሥር ግን ሌላ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አምፊቢየስ መርከብ የሚመኘው አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ዕርዳታ አይደለም። አሰብን በልቡ ይዞ ነው። ያቺን መርከብ ሲያይ የሚታየው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ ነው። አያልቅም። በምጽዋ አላለቀም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመና በጾረና የወደቁት ልጆች ጦርነቱ አጭር ይሆናል ተብለው የሄዱ ነበሩ። ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል በር ላይ በክራንች የሚወጣውን ጎልማሳ በየቀኑ የሚያይ የልደታ ሰው ይህን ከማንም አንደበት መስማት የለበትም። የባሕር በር የማግኘት ጥያቄያችን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የሕዝብ ብዛታችን፣ ንግዳችን፣ ታሪካችን ይደግፈዋል። ይህን ጥያቄ በመርከብ ፎቶ ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ጎረቤትን በሙሉ በአንድ ጎራ ማሰለፍ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ለባሕር ኃይል ይሆናል የተባለው 20 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ምን ያህል አገር እንዳስቆጣ አይተናል፤ ዓመት ሳይሞላ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ለድርድር መቀመጥ ግድ ሆኗል። አንድም የጦር መርከብ ሳንገዛ ይህ ከሆነ፣ ታንክ አራጋፊ ይዘን ስንቀርብ ማን በር ይከፍትልናል?

ስለዚህ መርከብ ይገዛ የምትሉ ሁሉ፣ ከመርከቡ ስም በፊት የወደቡን ስም ጻፉ። ከዋጋው በፊት የኪራይ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ውሉ ቢፈርስ መርከቡ የማን እንደሚሆን ንገሩን። ሆዱን የሚፍቀው ድራይ ዶክ የት እንዳለ፣ ሞተሩን የሚያነሣው ዋና መሐንዲስ ማን እንደሆነ፣ ከላይ የሚጠብቀው አውሮፕላን ከየትኛው ሜዳ እንደሚነሣ አሳዩን። በጀቱን የሚያጸድቁ የሕዝብ ተወካዮችም ይህን ሳይጠይቁ አንድ ብር እንዳይፈቅዱ እጠይቃለሁ። ባሕረኞቹን አሠልጥኑ፤ የንግድ መርከቦቻችንን አብዙ፤ ወደብ በሕግ፣ በድርድርና በጋራ ጥቅም እስኪገኝ ድረስ ያለ ዕረፍት ሥሩ። ያ ወደብ በእጃችን ሲገባ የመጀመሪያው መርከብ ይምጣ። ከዚያ በፊት የሚመጣውን ግን ጅቡቲ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ይዛ በሐራጅ እንዴት እንደሸጠችው እያስታወስኩ እቃወማለሁ።